ፕላዝማና የመግነጢስ አጥር

(ይህ ምንባብ የገላጭ ድርሰት ምሳሌ ነው። ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል ያስረዳል። በምታነቡበት ጊዜ በአንዱ ክፍል የተነሣው ጥያቄ በሚቀጥለው ክፍል እንዴት እንደሚመለስ አስተውሉ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. አራተኛው የቁስ አካል ሁኔታ

በጋምቤላ ክልል፣ በኑዌር ዞን ውስጥ ማታር የምትባል ከተማ ትገኛለች። አገሩ ሜዳ ነው፤ የአካባቢው ሕዝብ በአመዛኙ ከብት አርቢ ነው። ክልሉን አቋርጦ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው የባሮ ወንዝ በክረምት እየሞላ ዝቅተኛውን መሬት ያጥለቀልቃል። ከዚህ ሜዳ በላይ፣ ከመሬት መቶ ኪሎ ሜትርና ከዚያም የበለጠ ከፍ ብሎ፣ በዐይን የማይታይ አንድ ነገር ሰማዩን ሞልቶት ይገኛል። ስሙ ፕላዝማ ይባላል። የሚያግደው ግድግዳ የለውም፤ ይሁን እንጂ እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ አካሄዱን የሚገታው ኃይል አለ። ይህም ኃይል የመሬት መግነጢስ ነው። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ሳይንቲስቶች የፀሐይን የኃይል ምንጭ በምድር ላይ ለመሥራት የሚደክሙት ይህንኑ የተፈጥሮ ዘዴ እጅግ አጠንክረው በመጠቀም ነው።

ለመሆኑ ፕላዝማ ምንድን ነው? በረዶ ሲሞቅ ውሃ፣ ውሃ ሲፈላ ደግሞ እንፋሎት ይሆናል። ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ የተባሉት ሦስቱ የቁስ አካል ሁኔታዎች እነዚህ ናቸው። ጋዝ ከልክ በላይ ሲሞቅ ግን አቶሞቹ ራሳቸው ይፈታሉ። በአስኳሉ ዙሪያ የነበሩት ኤሌክትሮኖች ተላቀው ለብቻቸው ይከንፋሉ፤ አስኳሉም ራቁቱን ይቀራል። ኤሌክትሮኖቹ ኔጋቲቭ፣ አስኳሎቹ ደግሞ ፖዚቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው ይህ ድብልቅ እንደ ተራ ጋዝ አይደለም። ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል፤ ለመግነጢስም ይታዘዛል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኧርቪንግ ላንግሚዩር በ1928 ፕላዝማ የሚለውን ስም ሰጠው። ፀሐይና ከዋክብት ፕላዝማ ናቸው። በክረምት የሚባርቀው መብረቅም ለቅጽበት የሚታይ ፕላዝማ ነው። በከፍተኛው ሰማይ ላይ ያለው ፕላዝማ ግን የሚፈጠረው የፀሐይ ጨረር ከስስ አየር አቶሞች ኤሌክትሮኖችን እየነጠለ ነው። ያ የሰማይ ክፍል አዮኖስፌር ይባላል።

ለ. የፀሐይ ኃይል ምንጭ

ፀሐይ እንጨትም ከሰልም አታነድም። በ1920 እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አርተር ኤዲንግተን የፀሐይ ኃይል ሃይድሮጅን ወደ ሂልየም ሲለወጥ የሚገኝ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በ1939 ደግሞ ሃንስ ቤተ ሂደቱን በዝርዝር አስረዳ። አራት የሃይድሮጅን አስኳሎች በተከታታይ ደረጃዎች ተዋሕደው አንድ የሂልየም አስኳል ሲሆኑ፣ የተገኘው ሂልየም ከአራቱ ድምር በጥቂቱ ያንሳል። ያነሰው ቁስ ወደ ኃይል ተለውጧል። ይህ ሂደት የአስኳሎች ውሕደት ይባላል። ዛሬ በአቶም ኃይል ማመንጫዎች ውስጥ የሚካሄደው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በእነዚያ ትልቁ የዩራኒየም አስኳል ይሰነጠቃል።

ውሕደት ለምን አስቸጋሪ ሆነ? ሁለት አስኳሎች ሁለቱም ፖዚቲቭ ስለ ሆኑ ይገፋፋሉ። እስኪነካኩ ድረስ የሚቀራረቡት እጅግ ፈጥነው ሲጋጩ ብቻ ነው፤ የቅንጣቶች ፍጥነት ደግሞ ሙቀት ማለት ነው። ስለዚህ ውሕደትን የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ታላቅ ሙቀት መፍጠር አለበት። በምድር ላይ ለዚህ ሥራ የተመረጡት ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የተባሉ ሁለት የከባድ ሃይድሮጅን ዓይነቶች ናቸው፤ ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ይዋሐዳሉና። ዲዩቴሪየም በማንኛውም ውሃ ውስጥ ይገኛል። ከስድስት ሺህ ከሚበልጡ የሃይድሮጅን አቶሞች አንዱ ዲዩቴሪየም ነው። ከባሮ ወንዝ በተቀዳ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ30 ሚሊ ግራም በላይ ዲዩቴሪየም አለ። ይህ ጥቂት ነገር ሙሉ በሙሉ ቢዋሐድ፣ 300 ሊትር ያህል ቤንዚን ሲቃጠል የሚሰጠውን ኃይል ይሰጣል። ትሪቲየም ግን በተፈጥሮ እንደ ልብ አይገኝም፤ በ12 ዓመት ገደማ ውስጥ ግማሹ ወደ ሌላ ቁስ ይለወጣል። ስለዚህ ሊቲየም ከተባለው ቀላል ብረት መሠራት ይኖርበታል።

ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም ሲዋሐዱ አንድ የሂልየም አስኳልና አንድ ኒውትሮን ይወጣሉ። ከሚገኘው ኃይል አምስት እጅ ቢሆን አራቱን ኒውትሮኑ፣ አንዱን ሂልየሙ ይዞ ይሄዳል። ይህን ክፍፍል አስታውሱ፤ ወደ ፊት ያስፈልገናል።

ሐ. የማይነካ አጥር

የፀሐይ እምብርት ሙቀት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ፀሐይ ግን እጅግ ግዙፍ ስለ ሆነች በስበት ኃይሏ ፕላዝማውን አጥብቃ ትጨምቀዋለች። በምድር ላይ እንዲህ ያለ ስበት የለንም። ፕላዝማችን ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሳሳ ስለ ሆነ፣ የጎደለውን በሙቀት ማካካስ ግድ ይሆናል። የሚፈለገውም 150 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፀሐይ እምብርት አሥር እጥፍ መሆኑ ነው።

ይህን የሚችል ሸክላም ሆነ ብረት በዓለም ላይ የለም። ብዙ ሰዎች ችግሩ ዕቃው መቅለጡ ይመስላቸዋል። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ፕላዝማው እጅግ ስስ በመሆኑ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ሙቀቱን ወዲያውኑ ያጣል፤ ውሕደቱም ይቋረጣል። ስለዚህ የሚፈለገው ሳይነካ የሚያግድ አጥር ነው። ይህን ሊያደርግ የሚችለው መግነጢስ ነው።

የአጥሩን አሠራር ለመረዳት በማታር አካባቢ ማታ ማታ ከብቶች እንዴት እንደሚታሰሩ ማሰብ ይጠቅማል። በችካል ላይ በገመድ የታሰረ ወይፈን ወደ ፊት ሊሮጥ ቢሞክር ገመዱ ይስበዋል። ሩጫውን ባያቆም በችካሉ ዙሪያ ከመዞር በቀር ሌላ መንገድ የለውም። የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ቅንጣትም በመግነጢስ መስክ ውስጥ ሲሮጥ እንዲሁ ይሆናል። የመስኩ ኃይል ወደ ጎን ስለሚስበው በመግነጢስ መስመሩ ዙሪያ ይሽከረከራል። መስኩ ሲጠነክር ገመዱ ያጥራል። በዘመናዊ ትልቅ መሣሪያ ውስጥ የአስኳሉ ገመድ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የኤሌክትሮኑም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያንሳል። የመሣሪያው ስፋት ግን ብዙ ሜትር ነው። እንግዲህ ቅንጣቱ ከግድግዳው በጣም ርቆ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በወይፈኑና በቅንጣቱ መካከል አንድ ልዩነት አለ። የወይፈኑ ችካል በመሬት ውስጥ ተተክሏል፤ የቅንጣቱ ችካል ግን በመግነጢስ መስመሩ ላይ እንደ ልቡ ይንሸራተታል። ቅንጣቱ እየዞረ ወደ ፊትም ስለሚሄድ መንገዱ እንደ ብሎን ጥርስ ጥምዝምዝ ይሆናል። አጥሩ በጎንና በጎን ይከለክላል፤ በጫፎቹ ግን ክፍት ነው።

መ. ቀለበቱና ግምዱ

ጫፍ የሌለው መንገድ ለማግኘት ያለው አማራጭ መንገዱን አጥፎ ማገናኘት ነው። ስለዚህ ሳይንቲስቶች የመሣሪያውን ቅርጽ እንደ መኪና ጎማ ካላማዳሪ ክብ አደረጉት፤ በዙሪያውም ትላልቅ ጥቅል ሽቦዎችን አሰለፉ። በሽቦዎቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የመግነጢስ መስመሮች በካላማዳሪው ውስጥ ክብ ሠርተው ይዞራሉ። ቅንጣቱ ቢሄድ ቢሄድ ጫፍ አያገኝም።

ነገር ግን አንዱ ችግር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ። ሽቦዎቹ በቀለበቱ ውስጠኛ ወገን ይቀራረባሉ፤ በውጭኛው ወገን ይራራቃሉ። በዚህ ምክንያት መስኩ ከውስጥ የጠነከረ፣ ከውጭ የላላ ይሆናል። ገመዱ በአንድ ወገን አጥሮ በሌላው ሲረዝም ቅንጣቱ ያንኑ ክብ መድገም ይሳነዋል፤ በየዙሩ በጥቂቱ ይንሸራተታል። አስኳሎች ወደ ላይ ቢንሸራተቱ ኤሌክትሮኖች ወደ ታች ይሄዳሉ። ሁለቱ ሲለያዩ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ ይህም ኃይል ፕላዝማውን በሙሉ ወደ ውጭኛው ግድግዳ ይገፋዋል።

መፍትሔው ገመድ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ሆነ። የመግነጢስ መስመሮቹ ልክ እንደ ገመድ ተገመዱ። መስመሩ በቀለበቱ ዙሪያ ሲሄድ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየተጠማዘዘ ያልፋል። በላይኛው ወገን ወደ ውጭ የተንሸራተተው ቅንጣት በታችኛው ወገን ሲደርስ ያው መንሸራተት ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ ትርፉና ጉድለቱ ይጣፋል። መስመሮቹን ለመግመድ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በፕላዝማው በራሱ ውስጥ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳለፍ ነው፤ ይህ መሣሪያ ቶካማክ ይባላል። ሁለተኛው ሽቦዎቹን ራሳቸውን በጠመዝማዛ ቅርጽ መሥራት ነው፤ ይህም ስቴላሬተር ይባላል። የቶካማክ አሠራር ቀላል ነው፤ ሆኖም በፕላዝማው ውስጥ የሚያልፈው ሞገድ በድንገት ቢቋረጥ መሣሪያውን ሊጎዳ ይችላል። የስቴላሬተር ሽቦ ለመሥራት እጅግ ያስቸግራል፤ ነገር ግን ያለማቋረጥ ለመሥራት ይበልጥ የተመቸ ነው።

ሠ. የማታር ሰማይ የሚያስተምረው

አጥሩ ከተገመደ በኋላ እንኳ ፕላዝማው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ማታር ሰማይ እንመለስ።

የመሬት መግነጢስ መስመሮች በደቡብ ንፍቀ ክበብ ከመሬት ወጥተው በሰሜን ይገባሉ። በመካከል ላይ ከምድር ገጽ ጋር ትይዩ ሆነው የሚያልፉበት ቦታ የመግነጢስ ምድር ወገብ ይባላል። ይህ መስመር ከተለመደው የምድር ወገብ ጋር አይገጥምም። በምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ማታርም አዲስ አበባም ለመስመሩ ቅርብ ናቸው። በዚህ ምክንያት ከእነዚህ ቦታዎች በላይ ያለው ፕላዝማ አግድም በተጋደሙ የመግነጢስ መስመሮች ላይ ያረፈ ይመስላል። በቀን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ሞገድ በዚህ ቀበቶ ውስጥ ያልፋል።

በ1957ና በ1958 የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተካሄደ ጊዜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ለመግነጢስ ምድር ወገብ ያለው ቅርበት ነበር። ለብዙ ዓመታት የመሩት ካናዳዊው ካህን አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የአዮኖስፌሩ የታችኛው ክፍል ቶሎ ይሳሳል፤ የላይኛው ግን እንደ ወፈረ ይቆያል። ወፍራሙ ከላይ፣ ስሱ ከታች ሆነ ማለት ነው። ዘይትን ከታች፣ ውሃን ከላይ አድርገን ልናኖር ብንሞክር ዘይቱ እየተንደቀደቀ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ስሱ ፕላዝማም አንዳንድ ሌሊት አረፋ እየሠራ ወፍራሙን ሰንጥቆ ይወጣል። አረፋው ከሳተላይት የሚመጣውን የሬዲዮ ምልክት ስለሚያናውጥ ቦታን በሳተላይት የሚያመለክቱ መሣሪያዎች ይሳሳታሉ። ከዚህ ጋር ዝምድና ያለው አለመረጋጋት በቶካማክና በስቴላሬተር ውስጥም ይታያል። የታመቀው ፕላዝማ መስኩ ወደ ላላበት ወገን ሾልኮ ለመውጣት ይሞክራል። ከዚህም በላይ ልክ እንደ ባሮ ውሃ ትናንሽ አዙሪቶች ይፈጠሩና ሙቀቱን ከመካከል ወደ ዳር ያመላልሳሉ። በሰማይም በመሣሪያም የሚሠራው የተፈጥሮ ሕግ አንድ ነው።

ረ. የሰባ ዓመት ጥረት

በ1950ና በ1951 ሶቪየታውያኑ ኢጎር ታምና አንድሬይ ሳካሮቭ የቶካማክን ሐሳብ አፈለቁ። በ1951 ደግሞ አሜሪካዊው ላይመን ስፒትዘር በፕሪንስተን የስቴላሬተርን ሐሳብ አቀረበ። ሥራው በመጀመሪያ በምስጢር ይካሄድ ነበር፤ በ1958 በጄኔቭ በተደረገው ጉባኤ ላይ ግን አገሮች ምስጢራቸውን ገለጡ። ቀደም ብሎ፣ በ1957 በታተመ ጽሑፉ፣ እንግሊዛዊው ጆን ሎውሰን የሚፈለገውን መለኪያ አስቀምጦ ነበር። እንደ እሱ አባባል ሦስት ነገሮች በአንድነት ካልተሟሉ ትርፍ የለም፤ እነሱም ሙቀት፣ እፍጋትና ሙቀቱ ሳይሾልክ የሚቆይበት ጊዜ ናቸው። ይህ በሚያፈስ እንስራ ውሃ እንደ ማጠራቀም ነው፤ የሚገባው ከሚያፈሰው ካልበለጠ እንስራው አይሞላም።

በ1968 የሶቪየት ሳይንቲስቶች ቲ-3 በተባለው ቶካማክ አሥር ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ መድረሳቸውን አስታወቁ። ሌሎች ተጠራጠሩ። በ1969 የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች የሌዘር መለኪያቸውን ይዘው ወደ ሞስኮ ሄዱና ሙቀቱን ለክተው እውነት መሆኑን አረጋገጡ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ተቃራኒ ወገኖች በአንድ መሣሪያ ፊት ቆመው አንድ ቁጥር መቀበላቸው ለሳይንስ ታላቅ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ቶካማክ በብዙ አገሮች ተሠራ።

በእንግሊዝ አገር በኩልሃም የተሠራው ጄት የተባለው የአውሮፓ ቶካማክ በ1983 ሥራ ጀመረ። በ1997 ለፕላዝማው 24 ሜጋዋት ማሞቂያ ተሰጥቶት 16 ሜጋዋት የውሕደት ኃይል አስገኘ። በ2023፣ ሊዘጋ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው፣ በጥቂት ሰከንዶች 69 ሜጋጁል አመነጨ። ይህ ሁለት ሊትር ያህል ቤንዚን ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የተቃጠለው ነዳጅ የአንድ ሚሊ ግራም አንድ አምስተኛ ብቻ ነበር። በጀርመን አገር በግራይፍስቫልድ የሚገኘው ትልቅ ስቴላሬተር በ2015 ሥራ ጀምሯል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በቻይናና በፈረንሳይ የሚገኙ ቶካማኮች ፕላዝማን እያንዳንዳቸው ከ1,000 ሰከንድ በላይ ይዘው ለማቆየት ቻሉ።

በደቡብ ፈረንሳይ በካዳራሽ ኢተር የተባለ ታላቅ ቶካማክ በመሠራት ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ሩሲያና አሜሪካ በ2006 በተፈረመ ስምምነት ተባብረው ያሠሩታል። የመግነጢሱ ጥንካሬ ከመሬት መግነጢስ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። 50 ሜጋዋት ሙቀት ለፕላዝማው ሰጥቶ 500 ሜጋዋት የውሕደት ኃይል እንዲያስገኝ ታቅዷል። ሥራው ከታሰበው ጊዜ ብዙ ዘግይቷል። በ2024 በቀረበው ዕቅድ መሠረት ዋናው ምርምር የሚጀመረው በ2034 ነው።

ሰ. የቀረው ሥራ

ቀደም ሲል ስለ ኒውትሮኑ የተጠቀሰውን እናስታውስ። ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ቻርጅ የለውም፤ ስለዚህ የመግነጢስ አጥር አያግደውም። በቀጥታ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ይህም ጥቅምና ጉዳት አለው። ጥቅሙ ሙቀቱን ይዞ መውጣቱ ነው፤ በዚያ ሙቀት ውሃ ፈልቶ በእንፋሎቱ ተርባይን ሊዞር ይችላል። ኒውትሮኑ በግድግዳው ዙሪያ ካለው ሊቲየም ጋር ሲገናኝም አዲስ ትሪቲየም ይፈጠራል። ጉዳቱ የግድግዳውን ብረት እያደከመ፣ ጨረር አመንጪ ማድረጉ ነው። ሂልየሙ ግን ቻርጅ ስላለው በአጥሩ ውስጥ ይቀራል፤ ሙቀቱንም ለፕላዝማው ያካፍላል። ይህ ሙቀት ሲበዛ ፕላዝማው በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያሞቃል፤ የሁሉም ጥረት ግብ ይህ ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ ከውሕደት የተገኘ ኤሌክትሪክ ለሕዝብ የሚሸጥ አንድም ጣቢያ የለም። ይህን እውነት ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። ጥረቱ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። ባሕርና ወንዝ ያለው ሕዝብ ሁሉ የሚያገኘው፣ ጭስ የሌለው፣ በራሱ ጊዜ ከቁጥጥር ወጥቶ ሊነድድ የማይችል የኃይል ምንጭ እውን ቢሆን፣ እንጨት ለቅሞና ኩበት አንድዶ ለሚኖረው ሕዝብ የሚኖረው ጥቅም ታላቅ ነው።

እንግዲህ ስለ ውሕደት አዲስ ዜና ስትሰሙ ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ። ምን ያህል ኃይል ገብቶ ምን ያህል ወጣ? ለስንት ጊዜ ቆየ? የተቆጠረው ለፕላዝማው የገባው ኃይል ብቻ ነው ወይስ መሣሪያው በሙሉ የበላው? የእነዚህን መልስ የሚያውቅ አንባቢ በባዶ ተስፋ አይታለልም፤ እውነተኛውን እርምጃም አይንቅም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ፕላዝማ ከተራ ጋዝ በምን ይለያል?
2. ፕላዝማው ግድግዳ መንካት የሌለበት ዋናው ምክንያት ምንድን ነው?
3. የመግነጢስ መስመሮቹ ለምን መገመድ አስፈለጋቸው? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
4. ጸሐፊው የወይፈኑን ምሳሌ ካቀረበ በኋላ ልዩነቱንም የገለጸው ለምን ይመስላችኋል?
5. «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ»፣ «በዚህ ምክንያት» የሚሉትን አያያዦች ከምንባቡ አውጥታችሁ፣ እያንዳንዳቸው የሚያገናኟቸውን ሐሳቦች አመልክቱ።
6. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ መሣሪያ ወይም የሥራ ዘዴ መርጣችሁ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ አራት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።